ፓች ገባ፣ ሴቩ ጠፋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አፕዴቱ ወረደ፣ ጌሙ ተከፈተ፣ "ኮንቲኒው" ተጫነ፣ ከዚያ ወፍ የለም። ወይ ፋይሉ ተበላሽቷል የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ወይ ጌሙ ራሱን ይዘጋል፣ ወይ ደግሞ በደንብ ይከፈትና ግማሹ ዕቃ የለም። ለሳምንታት የተለፋበትን ነገር እንዲህ ውሃ ሲበላው ደም ያፈላል። ፓች ማለት ሠሪዎቹ ጌሙን ለማስተካከል የሚልኩት አፕዴት፣ ሴቭ ደግሞ የደረሳችሁበትን የሚመዘግበው ፋይል ነው። በዚህ ጉዳይ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን ከነመልሱ አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴቬ አሁን አልከፍት ብሏል። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ጌሙን ዝጉት። ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ በተለይ አዲስ ሴቭ አታድርጉ። ብዙ ጌሞች አውቶሴቭ (ጌሙ በራሱ የሚያደርገውን ሴቭ) የሚያስቀምጡበት ቦታ ውስን ስለሆነ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። የተበላሸውን ለማየት በገባችሁ ቁጥር ደህናውን እየቀበራችሁ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የሴቩን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። የተበላሸውንም ጨምሩበት። ነገ ማስተካከያ ቢወጣ የሚያስፈልጋችሁ እሱው ነው። ተናዶ ማጥፋት ያምራል፣ ግን ቆዩ።

ትናንት ደህና የነበረ ፋይል ዛሬ ምን ነካው?

ብዙ ሰው ሴቭ ማለት የጌሙ ሙሉ ቅጂ ይመስለዋል። አይደለም። ካርታው፣ ሕንፃው፣ ድምፁ፣ የጠላቶቹ ባሕርይ ያለው ጌሙ ውስጥ ነው። ሴቩ የሚይዘው እናንተ የለወጣችሁትን ብቻ ነው፦ የት እንደቆማችሁ፣ ምን እንደያዛችሁ፣ የትኛው ሚሽን የት እንደደረሰ። እሱንም በአብዛኛው የሚመዘግበው በቁጥርና በምልክት ነው። "ይህ ቁጥር ያለው ዕቃ 3 ፍሬ"፣ "ያ ሚሽን 40ኛው ደረጃ ላይ" እያለ።

ለእንግዳ ወረቀት ላይ "ከሰማያዊው በር ቀጥሎ ሦስተኛው ቤት" ብሎ ጽፎ እንደ መስጠት ነው። በማግሥቱ በሩ አረንጓዴ ቢቀባና አንዱ ቤት ቢፈርስ ወረቀቱ አልተለወጠም፤ እንግዳው ግን የሰው ቤት ሲያንኳኳ ይገኛል። ፓች የሚሠራውም ይህንኑ ነው። አንድ ዕቃ ይሰረዛል፣ አንድ ሚሽን እንደ አዲስ ይደራጃል፣ የአንድ ክፍል ወለል ከፍ ይላል። ሴቩ ግን የሚያውቀው የድሮውን ነው።

ጌሙ ከሦስት አንዱን ያደርጋል። በደንብ የተሠራ ከሆነ የድሮውን መዝገብ ወደ አዲሱ ይተረጉመዋል። ካልሆነ "ይህን ፋይል አልከፍትም" ይላል። ሦስተኛው ግን ከሁሉ የከፋ ነው፦ ምንም ሳይናገር ይከፍትና ያልገባውን ዘሎ ያልፋል። ጉዱ የሚታወቀው ዐሥር ሰዓት ከተጫወታችሁ በኋላ አንድ በር አልከፍት ሲል ነው። እኔ በበኩሌ እንቢ የሚለውን ጌም እመርጣለሁ። ቢያንስ ቁርጤን አውቃለሁ።

ታዲያ በትክክል የሚሠራው ጌም አለ?

አለ። ማይንክራፍትን ውሰዱ። እያንዳንዱ ዓለም (የእሱ ሴቭ ዓለም ነው የሚባለው) መጨረሻ የተቀመጠበትን ቨርዥን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። የድሮ ዓለም በአዲስ ቨርዥን ልትከፍቱ ስትሉ ጌሙ ራሱ ቅጂ ላስቀምጥ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በኖቬምበር 2021 የወጣው 1.18 የዓለሙን ቁመት ነው የለወጠው፤ ታችኛው ወሰን ከ0 ወደ -64 ወረደ፣ ላይኛው ከ256 ወደ 320 ወጣ። ከዚህ የባሰ መሠረት የሚነካ ለውጥ የለም። ሆኖም ሰዎች ለዓመታት የገነቡት ቤት ባለበት ቆሞ ከሥሩ አዲስ መሬት ተጨመረለት። "አይቻልም" የሚል ካለ ይህን አሳዩት።

የፓቹ ማስታወሻ ችግሩ ተፈትቷል ይላል። የእኔ ግን እንደተጣበቀ ነው። ለምን?

ይሄ ከሁሉም በላይ ሰውን ግራ ያጋባል። ፓቹ የሚያስተካክለው የጌሙን ኮድ ነው። የእናንተ ሴቭ ውስጥ ግን ስህተቱ ያስከተለው ውጤት ቀድሞ ተጽፏል። ጌሙ ውስጥ ያለ አንድ ሰው በባግ (በኮድ ስህተት) ምክንያት ሞቶ ከተመዘገበ፣ ባጉ ቢስተካከልም ሰውየው አይነሣም። ከአሁን በኋላ ሌላ ሰው እንዲህ አይሞትም ማለት ብቻ ነው።

ጥሩ ምሳሌው ሳይበርፐንክ 2077 ነው። ጌሙ በዲሴምበር 2020 ሲወጣ በኮምፒውተር ላይ የሴቭ ፋይሉ መጠን ከ8 ሜጋባይት ካለፈ ይበላሽ ነበር። ዕቃ መሰብሰብና መሥራት የሚወዱ ሰዎች ናቸው ቀድመው የተጎዱት፤ የያዙት ነገር በበዛ ቁጥር ፋይሉም ያብጣልና። በዚያው ወር የወጣው 1.06 ገደቡን አነሣው። ቀድመው የተበላሹትን ፋይሎች ግን አልመለሰም።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ሚሽኑ ከመጀመሩ በፊት ያለ ሴቭ ካላችሁ እሱን ክፈቱና ያንን ክፍል በአዲሱ ፓች እንደገና ሂዱበት። አንዳንዴ ወደ ሌላ ካርታ ሄዶ መመለስ ወይም በጌሙ ውስጥ ጥቂት ቀን ማሳለፍ ብቻ ይበቃል፤ ጌሙ ያንን አካባቢ እንደ አዲስ ሲጭነው ይስተካከላል። ዋስትና ግን የለውም።

ሳይሞክሩት ነው እንዴ የሚለቁት?

ይሞክሩታል። ግን የማን ሴቭ ላይ? አንዱ ዘጠና ሰዓት ተጫውቷል፣ ሚሽኖቹን በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ሠርቷል፣ መሞት የሌለበትን ሰው ገድሏል፣ አራት መቶ አይብ ሣጥን ውስጥ አከማችቷል። ሞካሪዎቹ ዘንድ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአቋራጭ የተዘጋጀ ንጹሕ ሴቭ ነው። የእናንተን ዓይነት ቅልቅል ማንም ጠረጴዛ ላይ አያገኘውም።

ያም ሆኖ ከድጡ ወደ ማጡ የሚወስድ ፓች ይወጣል። ወደ ሳይበርፐንክ ልመለስ፦ በጃንዋሪ 2021 የወጣው 1.1 ብዙ ነገር አስተካክሎ፣ በዋናው ታሪክ ላይ አዲስ መሰናክል ይዞ መጣ። ታኬሙራ የሚባለው ካራክተር ይደውላል፤ ይነሣለታል፤ ምንም አይናገርም። ዝም። ታሪኩም እዚያው ይቆማል። ጊዜያዊው ምክር ከዚያ ስልክ በፊት ወደነበረ ሴቭ መመለስ ነበር፤ እርማቱ 1.11 የመጣው በቀናት ውስጥ ነው። ቆየት ያለ ሴቭ የነበረው ሰው ዕዳው ገብስ ነው፣ ያልነበረው ተቀምጦ ጠበቀ።

ስካይሪምም በ2011 በ1.2 ፓች ድራጎኖች ወደ ኋላ እንዲበሩ አድርጎ ነበር። ያኛው ቢያንስ ያስቃል።

ባግን ይቅር እላለሁ። ይቅር የማልለው ዝምታን ነው። "የተለያዩ መሻሻሎች ተደርገዋል" የሚል አንድ መስመር ጽፎ ሦስት ጊጋባይት ማስወረድ ንቀት ነው። የፓች ማስታወሻ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መናገር አለበት፦ የድሮ ሴቭ ይሠራል ወይስ አይሠራም? እሱን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ድሮው ቨርዥን ብመለስስ?

ኮምፒውተር ላይ አንዳንዴ ይቻላል። ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚከፈትበት ፕሮግራም) ላይ የጌሙን ስም በቀኝ ተጭናችሁ ወደ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ወደ ቤታስ ስትገቡ ሠሪዎቹ የተዉት የድሮ ቨርዥን ካለ ትመርጣላችሁ። የፓራዶክስ የስትራቴጂ ጌሞች በዚህ ይመሰገናሉ፤ አንድ ዘመቻ ወራት ስለሚፈጅ የድሮዎቹን ቨርዥኖች እዚያ ይተዋሉ። የሌላው መደብር የጂኦጂ ፕሮግራም፣ ጂኦጂ ጋላክሲም የድሮ ቨርዥን እንድትመርጡ ይፈቅዳል። ኮንሶል (ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስና የመሳሰሉት) ላይ ግን በአብዛኛው መመለሻ የለም። ዲስክ ያለው ሰው ኢንተርኔት ዘግቶ ያለ አፕዴት ሊጭን ይችላል፤ ችግሩ በአዲሱ ፓች የተደረገውን ሴቭ የዲስኩ ቨርዥን አይቀበለውም።

ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፦ ሴቭ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም። አዲስ ጌም የድሮን ፋይል ማንበብ ሊማር ይችላል። የድሮ ጌም ግን ገና ያልተጻፈን ነገር ከየት ያውቃል? በኦገስት 2023 የባልዱርስ ጌት 3 ሠሪዎች አራተኛውን ሆትፊክስ (ቶሎ የሚወጣ ትንሽ ፓች) ለቅቀው፣ ጌሙን ክራሽ ሲያደርግ (በድንገት ሲዘጋው) መልሰው ወደ ሦስተኛው ወሰዱት። በመሃል ባሉት ሰዓታት በአራተኛው ላይ ሴቭ ያደረገ ሰው ሆትፊክሱ ተስተካክሎ እስኪመለስ ድረስ ያንን ሴቭ መክፈት አልቻለም። ፋይሉ ደህና ነው፣ ተጫዋቹ ምንም አላጠፋም፣ ግን መጠበቅ ነው።

ስለዚህ ወደ ድሮው ቨርዥን መመለስ የሚጠቅመው በዚያ ቨርዥን የተደረገ ሴቭ በእጃችሁ ካለ ብቻ ነው።

ባክአፕ እንዴት ነው የምይዘው? ክላውድ አለኝ እኮ።

ክላውድ ባክአፕ አይደለም። ሥራው ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውንና ሰርቨሩ ላይ ያለውን አንድ ማድረግ ነው። ፋይሉ ሲበላሽ የተበላሸውንም በታማኝነት ይወስደዋል። ሃርድ ዲስክ ቢሞት ያድናችኋል፤ ፓች ቢያበላሽ ግን ላያድናችሁ ይችላል።

እውነተኛው ባክአፕ ከጌሙ ውጪ የተቀመጠ፣ ማንም በራሱ የማይነካው ቅጂ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሴቮች የሚገኙባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፦ ዶክዩመንትስ ውስጥ "ማይ ጌምስ" የሚል ፎልደር፣ በተጠቃሚው ስም ሥር "ሴቭድ ጌምስ"፣ ተደብቆ የሚቀመጠው "አፕዳታ" ውስጥ ያሉት "ሎካል"፣ "ሎካልሎው" እና "ሮሚንግ"፣ እንዲሁም ስቲም የተጫነበት ቦታ "ዩዘርዳታ" የሚለው። የጌሙን ስም እዚያ ፈልጉ። ፎልደሩን በሙሉ ኮፒ አድርጉ እንጂ አንድ ፋይል ብቻ አትምረጡ፤ ብዙ ጌም አንዱን ሴቭ ከሁለት ሦስት ፋይል ነው የሚሠራው። የፎልደሩን ስም ስትለውጡ ቀኑንና የጌሙን ቨርዥን ጻፉበት። "አዲስ"፣ "አዲስ 2"፣ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ እውነተኛው" እያላችሁ ከሰየማችሁ ከሁለት ወር በኋላ ራሳችሁ አታውቁትም።

ስትመልሱ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የድሮውን ፋይል ቦታው አስገብታችሁ ጌሙን ስትከፍቱ ክላውዱ የተበላሸውን መልሶ ያወርድባችኋል። ስለዚህ በቅድሚያ የዚያን ጌም ክላውድ ዝጉ፣ ፋይሉን መልሱ፣ ጌሙን ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ክላውዱን ክፈቱ። "የትኛውን ልያዝ?" የሚል መስኮት ከመጣ ቀኑንና ሰዓቱን አንብቡ። እዚያ ላይ ቸኩሎ የሚጫን ሰው ነው የሚያለቅሰው።

ኮንሶል ላይ እጃችሁ አጠር ይላል። የፒኤስ4 ጌም ሴቭ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። የፒኤስ5 ጌሞች ሴቭ ግን ወደ ፍላሽ አይወጣም፤ ያለው አማራጭ የፕሌይስቴሽን ፕላስ ክላውድ ነው። እዚያ ያዋጣል የምለው ትልቅ አፕዴት ሲመጣ ሴቩን በራሱ ወደ ክላውድ የሚልከውን ሴቲንግ ለጊዜው አጥፍቶ፣ ሴቩ በአዲሱ ፓች በደንብ መክፈቱን አይቶ መልሶ ማብራት ነው። ኒንቴንዶ ስዊች ክላውድ አለው፣ ሁሉም ጌም ግን አይደገፍም። ኤክስቦክስ ሁሉን በራሱ ወደ ክላውድ ይሰቅላል፤ ምርጫ ብዙም አይሰጣችሁም። ለእነዚህ ያለው መላ ጌሙ ውስጥ በተለያየ ስሎት (የሴቭ ማስቀመጫ ቦታ) ማኑዋል ሴቭ፣ ማለትም በእጃችሁ ሴቭ ማድረግ ነው።

አውቶሴቭ አይበቃም?

አይበቃም። አንድ ጌም ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የምድር ቤት ክፍል ውስጥ ቆሜ ዘግቼው ነበር። ፓቹ የክፍሉን ወለል ትንሽ ከፍ አድርጎታል። ስከፍተው ካራክተሬ እስከ ጉልበቱ ሲሚንቶ ውስጥ ተተክሏል፤ ከዚያ ወለሉን አልፎ ባዶ ውስጥ መውደቅ ጀመረ። እየወደቀ ሳለ ጥግ ላይ ትንሿ የአውቶሴቭ ምልክት ዞረች። ከዚያ በኋላ በከፈትኩት ቁጥር እየወደቀ ይጀምራል። ያዳነኝ ከላይኛው ፎቅ ያደረግኩት ማኑዋል ሴቭ ነው።

ጌም ስትዘጉ ክፍት ሜዳ ላይ ወይም ከተማ ውስጥ ቆማችሁ፣ ውጊያና ንግግር ጨርሳችሁ ሴቭ አድርጉ። ሚሽን መሃል ላይ አትተዉት። አንድ ስሎት ብቻ የሚሰጡ "አይረንማን" ዓይነት ሁነቶችን የሚጫወት ሰው ደግሞ ከአፕዴት በፊት ፎልደሩን ኮፒ ቢያደርግ ማጭበርበር አይባልም።

ሞድ እጠቀማለሁ። የእኔ ሁኔታ ይለያል?

በጣም። ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር) ያለው ሴቭ ሁለት ጌታ አለው፤ ጌሙ ሲቀየር ሞዱም መቀየር አለበት። በተለይ እንደ ስካይሪምና ፎልአውት 4 ባሉ ጌሞች ብዙ ሞዶች የሚንጠለጠሉበት "ስክሪፕት ኤክስቴንደር" የሚባል መሣሪያ ከጌሙ ዋና ፋይል ቨርዥን ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። ዋናው ፋይል በትንሹ ከተቀየረ እሱም አይነሣም፤ በላዩ ያሉትም አብረው ይተኛሉ።

በኤፕሪል 2024 ፎልአውት 4 ትልቅ አፕዴት ሲያገኝ የሆነው ይሄው ነው። "ፎልአውት ለንደን" የተባለው ግዙፍ ሞድ በዚያው ወር ሊወጣ ቀን ተቆርጦለት ነበር፤ በአፕዴቱ ምክንያት ተገፍቶ የወጣው በጁላይ ነው። ለዓመታት የሠሩት ሰዎች እንኳ ቆመው ከጠበቁ ተራው ተጫዋች ሊገረም አይገባም።

ሴቩ እንቢ ሲል ሞዶችን አንድ በአንድ እየነቀሉ መሞከር የተለመደ ነው። ግን ሞድ ተነቅሎ የተደረገ ሴቭ፣ ሞዱ ተመልሶ ቢገባም የነበረበት አይመለስም፤ ዕቃዎቹ ተሰርዘዋል። ሙከራውን በኮፒ ላይ አድርጉት።

አፕዴት እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል?

በከፊል። ስቲም ላይ ሙሉ በሙሉ መከልከል አይቻልም፤ "ስከፍተው ብቻ አፕዴት አድርግ" የሚለውን መርጦ ኦፍላይን ሆኖ መጫወት ነው። ጂኦጂ ላይ ይዘጋል። ኮንሶሎች ላይ አውቶማቲክ አፕዴት የሚጠፋበት ሴቲንግ አለ። ኦንላይን የሚጫወት ሰው ይህን ሁሉ ይርሳው፤ ሰርቨሩ ያለ አፕዴት አያስገባም። ብቻቸውን ለሚጫወቱና ታሪኩን ሊጨርሱ ለተቃረቡ ግን ምክሬ ግልጽ ነው፦ ጨርሱትና ከዚያ አፕዴት አድርጉ።

የተበላሸው ሴቩ ይሁን ጌሙ በምን አውቃለሁ?

አዲስ ጌም ጀምሩ፣ በሌላ ስሎት። እሱም ክራሽ ካደረገ ጥፋቱ የጌሙ ነው፤ ስቲም ላይ የጌሙን ፋይሎች አጣራ የሚለውን ሞክሩ። አዲሱ ደህና ከሄደ ዓይናችሁን ወደ ሴቩ አዙሩ። ቆየት ያሉትን ከቅርቡ ወደ ሩቁ አንድ በአንድ ክፈቱ። የፋይሉንም መጠን እዩ፤ ሌሎቹ ብዙ ሜጋባይት ሆነው አንዱ 0 ኪሎባይት ካለ ውስጡ ባዶ ነው፣ አትድከሙበት። ደግሞ ጎኑ ያሉትን ስሞች አንብቡ። ስታርዲው ቫሊ ለምሳሌ ያለፈውን ቀን ሴቭ ስሙ መጨረሻ ላይ "ኦልድ" የሚል ጨምሮ ያስቀምጠዋል። ማይንክራፍትም "ሌቨል ዳት" ለሚባለው ፋይል እንዲሁ ያደርጋል። ብዙ ሰው ሳያያቸው ነው ተስፋ የሚቆርጠው።

ኤርሊ አክሰስ ላይ ያለ (ሳያልቅ እየተሸጠ ያለ) ጌም ሴቬን ቢያጠፋ መብት አለኝ?

እዚያ ሴቭ የተውሶ ነው። ባልዱርስ ጌት 3 በ2023 ሙሉ ሆኖ ሲወጣ የኤርሊ አክሰስ ሴቮች አልተላለፉም፤ ግን አስቀድሞ ተነግሯል። መጠየቅ ያለበት እሱ ነው፣ መነገሩ።

ገንዘቤን እንዲመልሱ መጠየቅ እችላለሁ?

የስቲም መደበኛ ሕግ ከተገዛ 14 ቀን ያልሞላውና ከ2 ሰዓት በታች የተጫወቱት ነው። ሴቭ የሚበላሽበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም አልፏል። መጠየቅ ግን አይከለከልም።

ፓች ሴቭ አድኖ ያውቃል ወይስ ሥራው ማጥፋት ብቻ ነው?

ያውቃል። በ2013 ፖኪሞን ኤክስና ዋይ ሲወጡ ሉሚዮስ የምትባለው ከተማ አንዳንድ ቦታዎች ላይ ሴቭ ያደረገ ሰው ጌሙ ደርቆ ይቀርበት ነበር። በዚያው ኦክቶበር የወጣው 1.1 ፓች ችግሩን ፈታው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ2011 የወጣው የዜልዳ ጌም፣ ስካይዋርድ ሶርድ ነው። ሚሽኖቹን በተወሰነ ቅደም ተከተል የሠራ ሰው መቀጠል አይችልም ነበር። ጌሙ የወጣበት ዊ የተባለው የኒንቴንዶ ኮንሶል ላይ የዲስክ ጌም ፓች አይደረግም። ኒንቴንዶ ታዲያ ጌሙን ሳይነካ ሴቩን ብቻ የሚጠግን ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም አውጥቶ በነፃ አስወረደ። የተጎዳውን ፋይል ተከታትሎ መጠገን እንደሚቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ለሠሪዎቹ እንዴት ሪፖርት ላድርግ? ቢሰሙኝ ነው?

"ጌማችሁ ቆሻሻ ነው" ብሎ መጻፍ ያቀላል፣ ግን ማንም ምንም ሊያደርግበት አይችልም። ሴቩ የተደረገበትን ቨርዥን፣ አሁን ያለውን ቨርዥን፣ የምትጫወቱበትን መሣሪያ፣ ሞድ መኖር አለመኖሩን፣ የመጨረሻ ያደረጋችሁትን ነገር ጻፉ። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ፋይሉን አያይዙ፤ የሚቻል ከሆነ ሁለት ፋይል፣ የሚከፍተውን የመጨረሻ ሴቭና የማይከፍተውን የመጀመሪያ። ከእነዚህ ሁለት ፋይሎች መሃል ነው ባጉ ያለው። ይህን የያዘ ሪፖርት ከመቶ የስድብ መልእክት ቀድሞ ይከፈታል።

እስኪስተካከል ልጠብቅ ወይስ ከዜሮ ልጀምር?

ሠሪዎቹ ችግሩን አውቀነዋል ካሉ ጠብቁ፤ ታሪክ የሚያቆም ባግ ሲሆን እርማቱ ብዙ ጊዜ አይዘገይም። ድምፃቸው ከጠፋና ጌሙ ዓመታት ያስቆጠረ ከሆነ ግን ፋይሉን አስቀምጣችሁ ሌላ ነገር ተጫወቱ። ከዜሮ መጀመር ካማራችሁ ቢያንስ ያንኑ ካራክተር በዚያው መንገድ አትድገሙት፤ በሦስተኛው ሰዓት ይሰለቻችኋል። በአዲስ ስሎት ጀምሩ፣ የድሮው ላይ አትጻፉበት።